የዓቢዳ ጨርቅ

ዓቢዳ ክፉ ነገር ገና ሳይመጣ የሚታያት ሴት ነበረች፤ የማይመጣውም ጭምር። ባሏ ናስር ባጃጁን አስነስቶ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ መንገደኛ ሊያመላልስ ሲወጣ፣ ገና አስፋልቱን ሳይይዝ እሷ በሐሳቧ ገደል ከትታው፣ አልቅሳ፣ ሰደቃውን አብልታ ጨርሳለች። ማታ በሰላም ሲገባ ደግሞ «ምነው አመሸህ?» ብላ ትቆጣዋለች። ናስር ይስቃል። «ዛሬስ ስንት ጊዜ ቀበርሽኝ? አብሽሪ እንጂ!» ይላታል። አይዞሽ ማለቱ ነው፤ «አብሽሪ» የምትለው ቃል ከአፉ አትጠፋም።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች። ከተማረችው ሁሉ ከልቧ ያልወጣው የባዮሎጂ መምህሯ ሰሌዳው ላይ የሳሏቸው፣ በዓይን የማይታዩ፣ ጭራ ያላቸው ተሕዋስያን ናቸው። ጓደኞቿ ለፈተና አጥንተዋቸው ወዲያው ረሷቸው። እሷ ግን ይኸው ሦስት ልጅ ወልዳም በየብርጭቆው ውስጥ ሲዋኙ ይታዩዋታል።

የምትኖርባት ዋርካ ከመርሳ በላይ፣ ከዋናው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ዳገት ላይ ያለች መንደር ናት። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሸህ ኡበይደላ ወልድያ ድረስ እየተመላለሱ ስንት ዓመት በር ካንኳኩ በኋላ፣ ከመንደሩ በላይ ያለው ምንጭ በሲሚንቶ ተከልሎ፣ ውሃው አራት ኪሎ ሜትር በቧንቧ ወርዶ፣ መንደሯ መሃል፣ ስሟን ከሰጣት ትልቅ ዋርካ አጠገብ፣ ቦኖ ተተከለ። ሴቶቹ ከወንዝ ተገላገሉ። በጦርነቱ ጊዜ መስመሩ ተበጥሶ ነበር፤ ሲጠገን ታዲያ ውሃው አሸዋ እያነሳ መጣ። አሸዋውን ያላየ አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣችው ግን ዓቢዳ ብቻ ናት። ዛሬ አሸዋ፣ ነገ ትል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ምን እንደሆነ አላህ ይወቀው አለች። ከገበያ አቡጀዲ ገዝታ፣ ደርባ፣ በእጇ እንደ ከረጢት ሰፍታ፣ በቦኖው አፍ ላይ አሰረችው። አሸዋው ቀረ።

ያን ቀን መንደሩ ተደነቀ። ሸህ ኡበይደላ አንድ ብርጭቆ አስቀድተው ወደ ፀሐይ አነሱና «ማሻአላህ! የዓቢዳ ፍርሃት ዛሬ ለቁም ነገር በቃ» አሉ። ደንብም ወጣለት። እያንዳንዱ ቤት በየሳምንቱ ተራ ይዞ፣ አርብ አርብ ከጁምዓ በፊት ጨርቁን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ እንዲያስር ተባለ። ስሙም «የዓቢዳ ጨርቅ» ሆነ። ከታች ያሉ ሁለት መንደሮች ሰምተው ልኩን ሊወስዱ ሰው ሲልኩ፣ ዓቢዳ ራሷ ሰፍታ ሰጠቻቸው። ዕድሜዋን በሙሉ «ፈሪ» ስትባል የኖረች ሴት፣ በዚያ ጨርቅ ሰው ፊት ቀና ብላ መሄድ ጀመረች።

ዘንድሮ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የልጆቹ ሆድ ተበላሸ። ዛሬ የአንዱ ቤት ልጅ፣ ነገ የጎረቤቱ። የዓቢዳ ትንሿ ልጅ አሲያ፣ የአራት ዓመቷ፣ ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ያዛት። ሦስተኛው ከባድ ነበር። ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ተጨማዶ የሚቀር ሆነ። መርሳ ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ጉሉኮስ ተሰክቶላት ተረፈች። ነርሷ «ውሃ ከየት ነው የምትጠጡት?» ብላ ስትጠይቅ፣ ዓቢዳ «ከቦኖ ነው፤ ያውም እየተጠለለ» ብላ መለሰች።

«እንግዲያ ከምግብ ይሆናል» አለች ነርሷ።

ዓቢዳን ይህ መልስ አላረካትም። ለራሷ ልጆች እያፈላች መስጠት ጀመረች፤ ለመንደሩ ሁሉ ግን የሚያፈላ እንጨት የላት። ሸህ ኡበይደላን ቦኖው አጠገብ አገኘቻቸው።

«ሸሁ፣ ውሃው ይመርመርልን።»

«የትኛው ውሃ?»

«የቦኖው።»

ተስቢሃቸውን የሚቆጥሩት ጣቶች ቆሙ። «ዓቢዳ፣ አባቴ ከዚህ ምንጭ ጠጥተው ዘጠና ዓመት ኖሩ። እኔም ጠጥቼ ይኸው ጥርሴ አንድ አልጎደለም።»

«የታመመው ጥርስ አይደለም ሸሁ፤ ሆድ ነው።»

የቦኖውን ቁልፍ የምትይዘው ዘሀራ ጄሪካን እየሞላች ሳቀች። «እናንተ፣ የሷን ነገር ተዉት! ዓቢዳ ጀነት ብትገባ ጣሪያው ያፈሳል ብላ ባልዲ ትደቅናለች።»

ቦኖው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ። ዓቢዳ ግን በማግስቱ የናስር ባጃጅ ላይ ተቀምጣ መርሳ ወረደች። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ባለሙያዋ መስክ ናት አሏት። ተመለሰች። እንደገና ሄደች። በሦስተኛው ባለሙያዋን ይዛት መጣች። ቃልኪዳን የምትባል፣ ትከሻዋ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ፈጣን የወልድያ ልጅ ናት። ከቦርሳዋ ውስጥ ከታቻቸው ትንሽ ዱቄት ያለባቸው ትናንሽ ጠርሙሶች አወጣች።

«ውሃውን እዚህ ውስጥ እጨምራለሁ» አለች ለተሰበሰበው ሰው። «በሰው ገላ ሙቀት አንድ ሙሉ ቀን ይቆያል። ከጠቆረ ዓይነ ምድር የነካው ውሃ ነው። ካልጠቆረ ደህና ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

አንዱን ከምንጩ ሞላች። ሁለተኛውን ከቦኖው ልትሞላ ስትል ጨርቁን አየችና «ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«ማጥለያችን ነው። በየሳምንቱ ይታጠባል» አለች ዘሀራ ኮራ ብላ።

«ጥሩ። እንግዲህ እናንተ እንደምትጠጡት አድርጌ ልውሰድ» ብላ በጨርቁ ውስጥ ቀዳች።

ሮብ ቀን ጠርሙሶቹን ይዛ ተመለሰች። የምንጩ እንደተቀዳ ነው። የቦኖው እንደ ቀለም ጠቁሯል።

ዋርካው ስር ሰው ሞላ። ቃልኪዳን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ውሃው ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው። ቧንቧው የሆነ ቦታ ሳይሰነጠቅ አይቀርም። በአንድ ጠርሙስ አልፈርድም፤ ቅዳሜ መጥቼ እደግመዋለሁ። ያም ከጠቆረ ግን መስመሩ ተቆፍሮ እስኪጠገን ቦኖው ይታሸጋል። እስከዚያ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ።»

«ከታሸገ ስንት ጊዜ ይቆያል?» አሉ ሸህ ኡበይደላ።

«አራት ኪሎ ሜትር ነው ሸሁ። ለበልግ ቢደርስ ጥሩ ነው።»

ገና ኅዳር መግባቱ ነው። እስከ በልግ ወንዝ ማለት ነው። ወንዙን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ሽንኩርት የሚያለሙት የመድኃኒት መርጫቸውን የሚያጥቡበት፣ ከብት የሚቆምበት፣ ሴት ሃያ ሊትር አዝላ ዳገቱን የምትወጣበት ነው። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ዓቢዳ ዞረ።

«ይኸው፣ ቦኖውን አዘጋሽልን» አለቻት ዘሀራ። «አሁን ደስ ይበልሽ።»

አርብ ጠዋት ዓቢዳ ጄሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖው ወረደች። ተረኛዋ ዘሀራ ነበረች። ጨርቁን ፈትታ፣ ከቦኖው የሚተርፈው ውሃ የሚጠራቀምበት የከብት ገንዳ ዳር ቁጢጥ ብላ፣ በሳሙና እያሸች ገንዳው ውስጥ ትነክረዋለች። ከወዲያ በኩል አንዲት ጥጃ አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ነክራ ትጠጣለች። የገንዳው ከንፈር ላይ እበት ደርቋል።

«ዘሀራ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተራዬ አይደል? ጨርቅሽን እያጠብኩልሽ ነው።»

«በገንዳው?»

«ታዲያ በምን ላጥበው? ሰው የሚጠጣውን ውሃ ለጨርቅ ላፍስሰው? ሁላችንም የምናጥበው እዚሁ ነው። አንቺስ ተራሽ ሲደርስ የት ነው የምታጥቢው?»

ዓቢዳ የመጀመሪያው አርብ ትዝ አላት። መንደሩ ሁሉ ከቧት ቆሞ እያየ፣ ለዓመታት ተለፍቶ የመጣ ውሃ በከንቱ እንዳይፈስ ብላ፣ ጨርቁን ገንዳው ውስጥ የነከረችው እሷ ራሷ ናት። «እንዲህ አድርጋችሁ እሹት» ብላ ያሳየቻቸውም እሷው ናት። እነሱ ያንኑ ያዙ።

ዘሀራ ጨምቃ፣ አራግፋ፣ መልሳ አሰረችው። ቦኖውን ከፈተች። ውሃው በጨርቁ ውስጥ አልፎ፣ በዓቢዳ ስፌት ተጣርቶ፣ ወደ ጄሪካኑ ወረደ። ዓቢዳ ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ የረግረግ ሽታ አለው። በጣቷ ስትነካው ያሙለጨልጫል። ከሰማይም ከምድርም ክፉ ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ክፉው ከገዛ መርፌዋ ይመጣል ብላ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም ነበር።

ቤቷ ገብታ ተቀመጠች። አንድ ሐሳብ መጣላት፣ ቀላል ሐሳብ። ነገ በማለዳ፣ ቃልኪዳን ሳትደርስ፣ ጨርቁን ፈትታ ምድጃ ውስጥ ብትከተው ማን ያውቅባታል? ውሃው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ ቦኖው ይተርፋል፤ ስሟም ይተርፋል። ከዚያ ግን ታች ያሉት ሁለት መንደሮች ትዝ አሏት። እዚያም የሷ ጨርቅ ታስሯል፤ እዚያም ገንዳ አለ፤ እዚያም ዓይኗ የጎደጎደ አሲያ አለች፤ ስሟ ሌላ ይሁን እንጂ።

ናስር ለምሳ ሲገባ ሁሉንም ነገረችው። «አብሽሪ» እስኪላት ጠበቀች። አላላትም። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና፣

«ነገ ሰው ፊት ልትናገሪው ነው?» አላት።

«ይሰድቡኛል።»

«ይሰድቡሻል» አለ ናስር። «እኔም አጠገብሽ እቆምና ለሁለት እንሰደባለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ቃልኪዳን ስትደርስ መንደሩ ቦኖው ዙሪያ ተሰብስቦ ነበር። ዓቢዳ መሃል ገባች።

«ያ ጀመዓ፣ አፉ በሉኝ። ውሃውን ያበላሸው ቧንቧው አይመስለኝም። ጨርቁ ነው፤ የኔ ጨርቅ። ከብት በሚጠጣበት ገንዳ እንድታጥቡት ያሳየኋችሁም እኔ ነኝ። የከብቱን ቆሻሻ ከገንዳው አንስተን ቦኖው አፍ ላይ ስናስር ከርመናል።»

ጥጃዋ ብቻ ገንዳው ዳር ጅራቷን ትወዘውዛለች። ዘሀራ ወደ ፊት መጣች።

«ልጄ አሥር ቀን ሙሉ የተኛው በዚህ ጨርቅ ነው?»

«በሱ ነው ብዬ እፈራለሁ።»

ዘሀራ አፏን ከፈተች፣ ግን ሸህ ኡበይደላ ቀደሟት። «ቆዪ ዘሀራ። እኔ ቤት ተራ አልደረሰም እንዴ? ልጆቼ በዚሁ ገንዳ አላጠቡም? ውሃውን ወደ ፀሐይ አንስቼ ማሻአላህ ያልኩትስ እኔ አይደለሁም? ይመርመር ስትለኝ ጥርሴን የቆጠርኩላት እኔ ነኝ። ጥፋት ከተባለ ለሁላችንም ይድረሰን።»

«እኔም አለሁበት» አለች ቃልኪዳን ፊቷ ቀልቶ። «ጨርቁን አይቼ የት ይታጠባል ብዬ ሳልጠይቅ አልፌዋለሁ። ግን ይህ ገና ግምት ነው። ቧንቧውም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ይናገር።»

አንዱን ጠርሙስ በጨርቁ ውስጥ ሞላች። ከዚያ ጨርቁ ተፈታ፤ የቦኖው አፍ በበረኪና ታሸ፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ እንዲፈስ ተደረገ፤ ሁለተኛው ጠርሙስ ጨርቅ ከሌለበት ቦኖ ተሞላ። ሁለቱንም በፕላስተር አሽጋ ፈረመችባቸው። ከዚያ ሰዓቷን አየች።

«አሁን ለሥራ ወደ ሐራ እሄዳለሁ፤ የምመለሰው ነገ ነው። እነዚህ ደግሞ በዚህ ብርድ መኪና ውስጥ መዋል የለባቸውም። የሰው ገላ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል።»

«ለኔ ስጪኝ» አለች ዓቢዳ።

መቀነቷን ፈትታ፣ ጠርሙሶቹን ግራና ቀኝ ሆዷ ላይ ለጥፋ፣ መልሳ ጠበቅ አድርጋ ታጠቀች። ሆዷ ወጣ አለ። ናስር ከዳር ሆኖ «መንታ ነው እንዴ?» አለ።

ዘሀራ ተቆጥታ ነበር፤ ምላሷን ግን መያዝ አልቻለችም። «አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ ሆኖ ከወጣ፣ ናስር ጉድህ ፈላ!»

ሸህ ኡበይደላ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።

ያን ቀንና ሌሊቱን ዓቢዳ እንደ ነፍሰ ጡር ተራመደች፣ እንደ ነፍሰ ጡር ተቀመጠች፣ በሆዷ እንዳትዞር ግድግዳ ተደግፋ አሸለበች። አንድ ጊዜም ፈትታ አላየችም። ማየት አያስፈልጋትም ነበር፤ ሁለቱም ጥቁር ሆነው ይታዩዋታል። ጨርቁም ቆሻሻ፣ ቧንቧውም ስንጥቅ። ቦኖው ይታሸጋል፤ እሷም በከንቱ ተዋርዳ፣ ከዘሀራ ኋላ ጄሪካን አዝላ ከወንዝ ዳገቱን ትወጣለች። አሲያ ደግሞ የወንዙን ውሃ... እዚህ ላይ ስትደርስ ሐሳቧን ታቋርጠውና ጠርሙሶቹን በእጇ ትደግፋለች፤ እንዲሞቃቸው።

እሑድ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሰው ዋርካው ስር ሞላ። ያልመጣ አልነበረም። ቃልኪዳን ደረሰች። የዓቢዳን መቀነት የፈታላት ናስር ነው።

የመጀመሪያው ወጣ። ጥቁር፣ ድፍን ጥቁር። «የጨርቁ ነው» አለች ቃልኪዳን በፕላስተሩ ላይ ያለውን አንብባ። ሰው አጉረመረመ። ዓቢዳ ሁለተኛውን አውጥታ በተዘረጋ እጇ ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች። ማንም አልተናገረም። ጠቁሯል ማለት ነው፣ አለች በሆዷ፤ ባይጠቁር ኖሮ አንድ ሰው ይናገር ነበር።

«ዓቢዳ» አሉ ሸህ ኡበይደላ። «ዓይንሽን ግለጪ፣ የኔ ልጅ።»

ገለጠች። በጠርሙሱ ውስጥ የዋርካው ቅጠል ይታያል፤ በቅጠሉ መሃል ሰማዩ። ውሃው እንደተቀዳ ነው።

መጀመሪያ እልል ያለችው ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ ያከራክራል። ግማሹ ዘሀራ ናት ይላል። እልልታው ግን ከዋርካው ተነስቶ ዳገቱን ወጥቶ ምንጩ ድረስ ተሰማ። ሸህ ኡበይደላ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሱትና «አልሐምዱሊላህ! ቧንቧችን ደህና ነው!» አሉ። ቃልኪዳን «ቦኖው አይታሸግም» አለች ጮክ ብላ፣ ማንም ስላልሰማት ደግማ ጮኸች። አሸዋውን በተመለከተ ምንጩ ላይ ያለው ማጠራቀሚያ ታጥቦ መስመሩ እንዲጠራ ታደርጋለች፤ እስከዚያ ጄሪካኑን አሳድሮ ከላይ መቅዳት ይበቃል። ቦኖው አፍ ላይ ግን ከእንግዲህ ምንም ነገር አይታሰርም። ጄሪካኖቹም በጨርቁ ያለፈውን ውሃ ስለያዙ ዛሬውኑ በበረኪና ይታጠቡ።

ዘሀራ ጠርሙሱን ከሸሁ ተቀብላ ወደ ዓቢዳ መጣች። በጣቷም መታ መታ አደረገችው።

«ቀዩ ናስርን ነው የመሰለው» አለች። ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ።

ቦኖው ተከፈተ። ውሃው ያለ ጨርቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ልቡ ወረደ። ዓቢዳ አንድ ብርጭቆ ቀዳች። ልማድ ሆኖባት ወደ ላይ አንስታ ተመለከተችው። ታች አንዲት ቅንጣት አሸዋ ተቀምጣለች። አሸዋ ናት፣ አለች ለራሷ፤ አሸዋ ብቻ። ጎንበስ ብላ ለአሲያ ሰጠቻት። አሲያ ጭልጥ አድርጋ ጠጥታ አፏን በእጅጌዋ ጠረገችና «ጨምሪልኝ» አለች።

«ናስር!» ብላ ተጣራች ዓቢዳ። «ባጃጁን አስነሳ። ታች ያሉት መንደሮች ዛሬም በኔ ጨርቅ እየጠጡ ነው።»

ለሦስት ሰው በተሠራ ባጃጅ ስድስት ሴት ተጫነ። ዘሀራ በአንድ እጇ መቀስ፣ በሌላው የበረኪና ጠርሙስ ይዛለች። ዓቢዳ ጥቁሩን ጠርሙስ ለምስክር ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲይዝ ሴቶቹ መንዙማ አነሱ፤ እጃቸው ለጭብጨባ ቦታ ስላጣ የባጃጁን ጣሪያ ይደልቁታል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ናስር በመስታወቱ አያት።

«ስንት ጊዜ ቀበርሽኝ?»

«ፊትህን ወደ መንገዱ አዙር!» አለችው፤ ፍሬኑ ተበጥሶ ሁሉም ገደል ሲገቡ ታይቷት ነበር። ግን በሐሳቧ እንኳ ለቅሶው ሳይጀመር፣ ከመታጠፊያው በታች የጎረቤት መንደሩ ቦኖ ብቅ አለ። አፉ ላይ የሰፋችው ነጭ ጨርቅ በሩቁ ይታያል። ዘሀራ መቀሷን በጎን አውጥታ ወደ ላይ አነሳች፤ ዓቢዳም ከሁሉ በፊት፣ ከሁሉ በላይ፣ እልል አለች።